በዲ5 ፓምፕ የሚሠራ የዴስክቶፕ ኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣ፦ ዕቅዱና ዕቃዎቹ ሲመዘኑ

ዕቃው አንድ በአንድ ተመርጦ የሚገጣጠም የኮምፒውተር የውሃ ማቀዝቀዣ በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጥ ምርት ስላልሆነ፣ ግምገማውም ፓምፑን፣ ራዲያተሩን (ውሃው ሙቀቱን ለአየር የሚሰጥበትን)፣ ብሎኮቹን (ቺፕ ላይ ታስረው ሙቀቱን ወደ ውሃው የሚያሻግሩትን ብረቶች)፣ ቱቦውንና ፈሳሹን ለየብቻ ከመመዘን አልፎ እነዚህ ዕቃዎች በአንድ ኬዝ ውስጥ ሲገናኙ ምን እንደሚሰጡ ማየት ይኖርበታል። እዚህ የምመዝነው ዲ5 በሚባለው ፓምፕ የሚንቀሳቀስ፣ ሁለት ባለ 360 ሚሊሜትር ራዲያተሮች ያሉት፣ ሲፒዩውን (ዋናውን የስሌት ቺፕ) እና ግራፊክስ ካርዱን በአንድ የውሃ ዙር የሚያቀዘቅዝና በተጣጣፊ የጎማ ቱቦ የተያያዘ ሥርዓት ነው። ፍርዴን ከወዲሁ ለመናገር፣ ይህ አወቃቀር ብዙ ኃይል የሚወስድ ግራፊክስ ካርድ ላለውና በሥራ ሰዓት ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው እጅግ ጥሩ ነው፤ ሲፒዩውን ብቻ ለማቀዝቀዝ ለሚያስብ ሰው ግን ድካሙም ወጪውም የሚያዋጣ ሆኖ አላገኘሁትም።

የዕቅዱ መነሻ ዋት ነው። ኮምፒውተር የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ስለሚለወጥ፣ ራዲያተሩ ምን ያህል ሙቀት ማስወጣት እንዳለበት ለማወቅ የዋና ዋናዎቹን ዕቃዎች የኃይል ገደብ መደመር በቂ ነው። ከሲፒዩዎች መካከል የኢንቴል ኮር አይ9 14900ኬ ከፍተኛው የኃይል ገደብ 253 ዋት ነው፤ የኤኤምዲ ራይዘን 9 7950ኤክስ እስከ 230 ዋት ይወስዳል፤ ከኤንቪዲያ ግራፊክስ ካርዶች መካከል የአርቲኤክስ 4090 ገደብ 450 ዋት ሲሆን አርቲኤክስ 5090 ደግሞ 575 ዋት ደርሷል። እነዚህን ቁጥሮች እንዳሉ መደመር ግን ከሚያስፈልገው በላይ ራዲያተር ወደ መግዛት ሊወስድ ይችላል፤ ጌም በሚጫወቱበት ጊዜ ካርዱ እስከ ገደቡ ቢሠራም ሲፒዩው ብዙውን ጊዜ ከገደቡ በእጅጉ ዝቅ ብሎ ነው የሚቆየው። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እስከ ጫፍ የሚሠሩት ባለሦስት አውታር (3ዲ) ምስል እንደ ማቀናበር ባሉ ከባድ ሥራዎች ላይ በመሆኑ፣ ዕቅዱ ባለቤቱ በኮምፒውተሩ በእርግጥ ከሚሠራው ሥራ መነሳት አለበት።

የተለመደው የልምድ ስሌት ለእያንዳንዱ የ120 ሚሊሜትር ፋን ቦታ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይመድባል፤ ይህም ፋኖቹ በዝግታ እየዞሩ ውሃው ከክፍሉ አየር በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ከፍ ብሎ እንዲረጋ የሚያስችል ነው። 450 ዋት የሚወስድ ካርድና 150 ዋት ላይ የሚሠራ ሲፒዩ ሲደመሩ 600 ዋት ስለሚሆኑ ስድስት የፋን ቦታ፣ ማለትም ሁለት ባለ 360 ራዲያተር ያስፈልጋል። በግማሹ ራዲያተርም ሥርዓቱ ይሠራል፤ ነገር ግን ፋኖቹ በፍጥነት መዞር ግድ ስለሚሆንባቸው ባለቤቱ ገንዘቡን አውጥቶ ሊያገኘው የፈለገውን ጸጥታ ያጣዋል። ስለዚህ በጀት ሲጠብ ከጌጡ፣ ከመብራቱና ቱቦውን ከሚያያይዙት ውድ ፊቲንጎች መቀነስ እንጂ ከራዲያተሩ ስፋት መቀነስ ተገቢ አይደለም። ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው ጉዳይ፣ ራዲያተርና ፋን ብቻ ያለው ሥርዓት ውሃውን ከክፍሉ አየር በታች ሊያቀዘቅዘው አለመቻሉ ነው። ክፍሉ 30 ዲግሪ ከሆነ ውሃው ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ቺፑም ከውሃው በላይ ይሞቃል። በመሆኑም የሁለት ሰዎችን ሥርዓት ማነጻጸር የሚቻለው የክፍሉ ሙቀት አብሮ ሲነገር ብቻ ነው።

በራዲያተር ምርጫ ላይ ብዙ ገዢዎችን የሚያስቸግረው ከስሙ ጀርባ ያለው እውነተኛ መጠን ነው። 360 የሚለው ቁጥር የሦስቱን ፋኖች ርዝመት እንጂ የራዲያተሩን ርዝመት አይናገርም፤ በሁለቱ ጫፎች ያሉት የውሃ ክፍሎች ሲጨመሩ ዕቃው ወደ 400 ሚሊሜትር ይጠጋል። ውፍረቱም እንዲሁ ነው፤ 30 ሚሊሜትር የሆነ ቀጭን ራዲያተር 25 ሚሊሜትር ውፍረት ካለው ፋን ጋር ሲገጠም 55 ሚሊሜትር ይይዛል፤ የ60 ሚሊሜትሩ ደግሞ 85 ይደርሳል። በኬዙ ጣሪያ ላይ ሲታሰር ከራሙና ከማዘርቦርዱ የኃይል ክፍል ማቀዝቀዣ ጋር ሊጋጭ ስለሚችል፣ የኬዙ አምራች «360 ይይዛል» ማለቱን ብቻ ከማመን ክፍተቱን በሜትር መለካት ይሻላል። እኔ ከወፍራሙ ይልቅ ቀጭኑን ራዲያተር እመርጣለሁ፤ ፋኑ በዝግታ በሚዞርበት ጊዜ ተጨማሪው ውፍረት የሚያመጣው ጥቅም ትንሽ ሲሆን፣ የሚወስደው ቦታ ግን ቱቦ ለማለፍና እጅ ለማስገባት የሚያስፈልገውን ቦታ ነው። ሙቀት የሚያወጡት ቀጫጭን የብረት ክንፎቹ በጣም የተጠጋጉበት ራዲያተር አየር ለመግፋት ፈጣን ፋን ስለሚጠይቅ፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ሰው ክንፎቹ ራቅ ራቅ ያሉት የተሻሉ ናቸው።

ስለ ፋን ብሎን አንድ ነገር ሳልል ማለፍ አልፈልግም። የፋኑን ውፍረት አልፎ ወደ ራዲያተሩ ውስጥ ከሚገባው በላይ የረዘመ ብሎን የውሃውን መስመር በቀጥታ ሊበሳ ይችላል። ጥሩ አምራቾች ከብሎኑ ቀዳዳ ሥር መከላከያ ብረት ያደርጋሉ፤ የማያደርጉም ስላሉ ከራዲያተሩ ጋር የመጣውን ብሎን መጠቀምና ሌላ ከሆነም ርዝመቱን አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል። የብሎኑ ጥርስም ከአምራች አምራች ይለያያል።

ውሃው መጀመሪያ ወደ ሲፒዩው ይሂድ ወይስ ወደ ካርዱ የሚለው ጥያቄ ከሚገባው በላይ ጊዜ ይወስዳል፤ መልሱን ቀላል ስሌት ይሰጠዋል። አንድ ኪሎ ግራም ውሃ በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ 4.18 ኪሎጁል ያህል ይፈልጋል። በደቂቃ አራት ሊትር ውሃ የሚያልፍ ከሆነ 450 ዋት የሚያወጣው ካርድ ውሃውን የሚያሞቀው በ1.6 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ፍሰቱ በደቂቃ ወደ ሁለት ሊትር ቢወርድ እንኳ ጭማሪው ከሦስት ዲግሪ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቱቦው አጭርና ቀጥ ያለ እንዲሆን በሚያመቸው መንገድ መወሰን ይቻላል። ሊጣስ የማይገባው አንድ ደንብ አለ፤ እርሱም ትርፍ ውሃ የሚይዘው ማጠራቀሚያ ከፓምፑ በፊትና ከፍ ብሎ እንዲቀመጥ፣ ፓምፑም ሁልጊዜ በውሃ ተሞልቶ እንዲቆይ ነው።

ወደ ፓምፑ ስመጣ የዲ5 ስም ለምን እንደቆየ ለማስረዳት አልቸገርም። ፓምፑ የመነጨው ላይንግ ከተባለው የጀርመን ኩባንያ ሲሆን፣ ኩባንያው በኋላ በአይቲቲ ሥር ገብቶ ከ2011 ጀምሮ ዛይለም ወደተባለው ድርጅት ተላልፏል። በገበያ ላይ በብዙ የንግድ ስም የሚሸጡት የዲ5 ፓምፖች በአብዛኛው ያንኑ ሞተር ይዘው ሽፋናቸውንና ማጠራቀሚያቸውን ብቻ የቀየሩ ናቸው፤ ለገዢው ይህ መልካም ዜና ነው፤ ሞተሩ ሲደክም ሽፋኑንና ማጠራቀሚያውን ሳይጥል ሞተሩን ብቻ መተካት ይችላልና። ያለ ምንም ጫና እስከ 1500 ሊትር በሰዓት ይገፋል፤ ውሃ ወደ ላይ የማንሳት አቅሙም አራት ሜትር ገደማ ነው። በብሎክና በራዲያተር መካከል ሲገባ ፍሰቱ ከዚህ በብዙ እጥፍ ቢያንስም፣ ለሁለት ብሎክና ለሁለት ራዲያተር በቂ ትርፍ አቅም ይቀረዋል።

የዲ5 ጥንካሬ ምንጩ አሠራሩ ነው። ተሽከርካሪው ክፍል በአንዲት ትንሽ የሴራሚክ ኳስ ላይ ተቀምጦ በማግኔት ኃይል ስለሚዞር፣ በጊዜ ብዛት የሚያልቅና ውሃ የሚያፈስ የዘንግ ጓርኒሲዮን የለውም። ኳሷን የሚያለሰልሳት ራሱ የሚያልፈው ውሃ ነው፤ ስለዚህ ፓምፑን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ያለ ውሃ ማስነሳት ዕድሜውን መቁረጥ ነው። በሙሉ ፍጥነት ሲሠራ የሚሰማ ዝቅተኛ ጉምጉምታ አለው፤ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ዝቅ ሲልና ከኬዙ ብረት በጎማ ሲለይ ግን ድምፁ በተዘጋ ኬዝ ውስጥ አይሰማም ማለት ይቻላል። በቦታ ጠባብነት ዲዲሲ የተባለውን ትንሹን ፓምፕ የሚመርጡ አሉ። የእርሱ የመግፋት ግፊት ከዲ5 ይበልጣል፤ ነገር ግን ሞተሩ ይበልጥ ስለሚሞቅና ድምፁም ቀጠን ብሎ ስለሚወጣ ቦታ እስካለ ድረስ ምርጫዬ ዲ5 ነው። አንድ ጥንቃቄ ልጨምር፦ ዲ5 በሙሉ ኃይሉ ሁለት አምፔር ገደማ ሊወስድ ስለሚችል፣ ዋናው የኃይል ገመዱ አንድ አምፔር ብቻ ሊሰጥ ከሚችለው የማዘርቦርድ የፋን ማገናኛ ሳይሆን በቀጥታ ከፓወር ሰፕላዩ መምጣት አለበት። ወደ ማዘርቦርዱ የሚሄደው የፍጥነት መቆጣጠሪያውና የዙር ቆጣሪው ሽቦ ብቻ ነው። ፓምፑ ሲቆም ኮምፒውተሩ እንዲዘጋ ይህን የዙር ምልክት በባዮስ (በማዘርቦርዱ የራሱ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ማስያዝ ከማንኛውም የመብራት ማስተካከያ በፊት የሚቀድም ሥራ ነው።

ፋኖቹን የሚመራው የውሃው ሙቀት መሆን አለበት እንጂ የሲፒዩው አይደለም። የሲፒዩ ሙቀት አንድ ፕሮግራም ሲከፈት በቅጽበት ሃያ ዲግሪ ሊዘልና ወዲያው ሊመለስ ስለሚችል፣ በእርሱ የሚመሩ ፋኖች ቀኑን ሙሉ ሲጮኹና ዝም ሲሉ ይውላሉ። ውሃው ግን ብዙ ሙቀት ስለሚይዝ በዝግታ ይሞቃል፤ በዝግታም ይቀዘቅዛል። በአንዱ የፊቲንግ ቀዳዳ የሚገባ ርካሽ የሙቀት ሰንሰርና እርሱን የሚያነብ ማዘርቦርድ ወይም መቆጣጠሪያ ሲኖር፣ ፋኖቹ የሚያደርጉት ለውጥ በጆሮ የማይለይ ይሆናል። ከገዛኋቸው ዕቃዎች ሁሉ ለዋጋው ትልቁን ጥቅም የሰጠኝ ይህ ሰንሰር ነው። የዲ5 ፓምፕ የሚፈቀድለት የውሃ ሙቀት 60 ዲግሪ በመሆኑ፣ ሰንሰሩ ለማስጠንቀቂያም ያገለግላል።

ብሎኮቹን በተመለከተ የሁለቱ ጥቅም እኩል አይደለም። ግራፊክስ ካርዱ ቺፑ ሰፊ ሆኖ በላዩ ምንም የብረት ክዳን ስለሌለው ብሎኩ በቀጥታ ይነካዋል፤ ስለዚህ የውሃው ጥቅም በሙሉ ይደርሰዋል። የካርዱ ሙቀት በእጅጉ ይወርዳል፤ ከካርዱ ጋር የመጡት ፋኖች ጩኸትም ጨርሶ ይጠፋል። በሲፒዩው ላይ ግን ሙቀቱ የሚመነጨው በጣም ትንሽ ከሆነ ቺፕ ነው፤ ከዚያም የብረት ክዳኑን ማለፍ ስላለበት ማነቆው ከውሃው በፊት ነው ያለው። ራይዘን 9 7950ኤክስ ደግሞ ሙሉ ጫና ሲበዛበት እስከ 95 ዲግሪ እየወጣ ፍጥነት እንዲጨምር ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ ትልቅ ራዲያተር ቢገጠምለትም ቁጥሩ ብዙ ላይወርድ ይችላል። እንደ ኖክቱዋ ኤንኤች ዲ15 ያለ ጥሩ የአየር ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ለሲፒዩው ብቻ ብሎ ወደ ውሃ ቢዞር የሚያተርፈው ጥቂት ዲግሪ ነው።

የካርዱ ብሎክ ከካርዱ ሰሌዳ ጋር በልክ የሚሠራ በመሆኑ፣ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ከተለያየ አምራች የወጡ ሁለት ካርዶች ሁለት የተለያየ ብሎክ ሊፈልጉ ይችላሉ። ለአንዳንድ ካርዶች ብሎክ ጨርሶ አይሠራላቸውም። ካርዱን ከመግዛት በፊት የብሎክ አምራቾችን የተስማሚነት ዝርዝር ማየት ስለዚህ የግድ ነው። ከብሎኩ ጋር የሚመጡት ለስላሳ የሙቀት ማስተላለፊያ ንጣፎች ውፍረታቸው በመመሪያው የተወሰነ ነው፤ የግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ብሎኩን ከቺፑ ሊያርቀው ወይም ሜሞሪውን ሳይነካ ሊያስቀረው ስለሚችል በግምት መተካት አይገባም።

ቱቦን በሚመለከት አስተያየቴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሠራ ሰው ኢፒዲኤም ከተባለው ጎማ የተሠራውን ጥቁር ተጣጣፊ ቱቦ ይግዛ። በውስጡ የሚያልፈውን ፈሳሽ አያሳይም፤ በአንጻሩ እንደ ግልጹ የፒቪሲ ቱቦ በጊዜ ብዛት አይደበዝዝም፤ ወደ ብሎኩ ጥቃቅን መስመሮች ሄዶ የሚለጠፍ ማለስለሻ ኬሚካልም አይለቅም። በሙቀት እየታጠፉ የሚሠሩት ጠንካራ ቱቦዎች ሲያዩአቸው እጅግ ያምራሉ፤ ይህን አልክድም። ሆኖም ፔትጂ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራው ውሃው 60 ዲግሪ ሲደርስ መለስለስ ሊጀምርና ከፊቲንጉ ሊንሸራተት ይችላል፤ አክሪሊኩ ሙቀትን የተሻለ ቢቋቋምም ሲቆረጥና ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። አንድ ራም ለመቀየር ሲፈለግ ደግሞ ጠንካራ ቱቦ ያለው ሰው ፈሳሹን ማፍሰስ ሲኖርበት፣ ተጣጣፊ ቱቦ ያለው ገፋ አድርጎ ሥራውን ሊጨርስ ይችላል።

ፊቲንጎቹ ጂ ሩብ በሚባለው የጥርስ ልክ የተሠሩ በመሆናቸው ከማንኛውም አምራች ብሎክና ራዲያተር ጋር ይገጥማሉ። ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ ሳይሆን ሥሩ ያለው የጎማ ቀለበት ስለሆነ የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፕ አያስፈልገውም፤ በእጅ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል፤ በመፍቻ ማክረር ፊቲንጉ የሚገባበትን የአክሪሊክ ሽፋን ይሰነጥቃል። የቱቦው የውጭና የውስጥ ስፋት ከፊቲንጉ ጋር በትክክል መመሳሰል አለበት፤ ለ16/10 (ከውጭ 16፣ ከውስጥ 10 ሚሊሜትር) ቱቦ የተሠራ ፊቲንግ 16/12 ቱቦን ደኅና አድርጎ አይዝም።

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚጠይቀው የብረቶቹ ጉዳይ ነው። መዳብና አሉሚኒየም በአንድ ውሃ ውስጥ ሲገናኙ ውሃው በመካከላቸው ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ አሉሚኒየሙ እየተበላ ይሄዳል፤ ከእርሱ የሚወጣው ዝቃጭም የብሎኩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። ዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ይህን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ስለዚህ ራዲያተሩ የመዳብ፣ ብሎኮቹ የመዳብ ወይም ኒኬል የተለበጠ መዳብ፣ ፊቲንጎቹ ኒኬል የተለበጠ ናስ መሆናቸውን ከምርት መግለጫው ማረጋገጥ ይገባል። በአሉሚኒየም ብቻ የተሠሩ ርካሽ ስብስቦች በራሳቸው ሊሠሩ ቢችሉም፣ በኋላ አንድ የመዳብ ብሎክ ሊጨመርባቸው ስለማይችል አልመክራቸውም።

አዲስ ራዲያተር ከፋብሪካው የብየዳ ቅሪት ይዞ ስለሚመጣ በሙቅ ዲስቲልድ (በእንፋሎት የተጣራ) ውሃ ደጋግሞ በመናጥ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ድረስ መታጠብ አለበት። ይህን ሥራ የዘለለ ሰው ቆሻሻውን በሲፒዩው ብሎክ ውስጥ ያገኘዋል፤ የብሎኩ መስመሮች ከአንድ ሚሊሜትር በብዙ የሚጠቡ በመሆናቸው እንደ ማጣሪያ ሁሉንም ይይዛሉና። ለፈሳሹ ግልጽና ቀለም አልባ የሆነውን፣ ዝገትንና ሻጋታን የሚከላከል ነገር የተጨመረበትን እመርጣለሁ። ወተት የመሰሉት ባለቀለም ፈሳሾች መልካቸውን የሚያገኙት በውስጣቸው ከተበተኑ ደቃቅ ቅንጣቶች ነው፤ ቅንጣቶቹ ፍሰቱ ዝግ ባለበት ቦታ ይቀመጣሉ፤ ብሎክም ሊዘጉ ይችላሉ። ለፎቶ ካልሆነ በቀር ለዕለት ሥራ በሚያገለግል ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ የላቸውም። የቧንቧ ውሃ በያዘው ማዕድን ምክንያት ጨርሶ መግባት የለበትም።

የማፍሰሻ ቧንቧን በዕቅዱ ላይ የሚያስቡት ጥቂቶች ናቸው፤ ዋጋው ግን ከአንድ ፊቲንግ ብዙም አይበልጥም። በሥርዓቱ ዝቅተኛ ቦታ ላይ አንድ ባለሦስት አቅጣጫ ፊቲንግና አንድ ትንሽ መዝጊያ ቢቀመጥ፣ በየዓመቱ ፈሳሹን መቀየር የደቂቃዎች ሥራ ይሆናል። ከሌለ ኬዙን ማጋደልና ጨርቅ ማንጠፍ ግድ ይላል፤ በዚህም ምክንያት ብዙዎች ጥገናውን ከዓመት ወደ ዓመት ያስተላልፉታል።

ሥርዓቱ ውሃ የሚያንጠባጥብ መሆን አለመሆኑ የሚታይበት ፍተሻ በሁለት ደረጃ ቢከናወን ይመረጣል። በመጀመሪያ ደረቁን ሥርዓት በእጅ ፓምፕና በግፊት መለኪያ እስከ 0.5 ባር ድረስ በአየር ሞልቶ መርፌው ሳይወርድ መቆየቱን ማየት ነው፤ ክፍተት ቢኖር የሚወጣው አየር እንጂ ውሃ ስላልሆነ የሚበላሽ ነገር የለም። ከዚያም ውሃው ሲሞላ ማዘርቦርዱና ካርዱ ኤሌክትሪክ ሳያገኙ ፓምፑ ብቻ መሥራት አለበት። ለዚህም ከፓወር ሰፕላዩ ባለ 24 ጫፍ ገመድ ላይ የሚሰካ ትንሽ የማስነሻ መሰኪያ ይሸጣል። ማጠራቀሚያው እየጎደለ ሲሄድ ፓምፑን እያጠፉ መሙላት፣ ኬዙንም ወደ ጎንና ወደ ፊት እያዘነበሉ በራዲያተሩ ጥግ የተደበቀውን አየር ማስወጣት ያስፈልጋል። አረፋው እስኪጠፋ የሚሰማው የመንቆርቆር ድምፅ በቀናት ውስጥ ስለሚያበቃ የፓምፑ ጉድለት ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

የዋጋው ጉዳይ ሲነሳ ዕቃዎቹን ሁሉ በአንድ ድምር መመልከት ያሳስታል። ራዲያተሮቹ፣ ፓምፑ፣ ማጠራቀሚያውና ፊቲንጎቹ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ቀጣዩ የሚሻገሩ ናቸው፤ የጎማ ቀለበቶቻቸው እየታዩና እየተቀየሩ ለብዙ ዓመት ያገለግላሉ። የሲፒዩው ብሎክም የማሰሪያ ብረቱ ብቻ ተቀይሮ ወደ አዲስ ሶኬት (ሲፒዩው በማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ሊተላለፍ ይችላል፤ አንዳንድ አምራቾች ማሰሪያውን ለየብቻ ይሸጡታል። ከካርዱ ጋር አብሮ የሚያረጀው የካርዱ ብሎክ ነው፤ ካርዱ ሲሸጥ አብሮት ይሄዳል፤ ገዢ ካላገኘም ለሌላ ካርድ አይሆንም። ካርዱን በየዓመቱ የሚቀይር ሰው ይህን ወጪ በየዓመቱ እንደሚከፍል አውቆ ይግባበት፤ አንዱን ካርድ አራትና አምስት ዓመት ለሚይዝ ሰው ግን ዕቃዎቹ የወጣባቸውን ገንዘብ ያህል አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ስለዚህ ለእርሱ ያለማመንታት እመክረዋለሁ።